ምን ነካችሁ?

ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ማለዳ ላይ ጋብ ብሏል። ቮልሴ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ልከፍት ስል የሰፈር ልጆች ዱላቸውን መሬት እያስመቱ መስኮቴን ከበቡና ሆያ ሆዬውን አወረዱብኝ። ኪሴን ብፈትሽ ያለኝ ትንሹ ገንዘብ የመቶ ብር ኖት ነው። መቶ ብር ለአምስት ልጅ ብዙ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን እጄ አልዘረጋ አለኝ። ስለዚህ የዳሽቦርዱን ሣጥን ከፍቼ ሳንቲም ፍለጋ ክንዴን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ዳበስኩ፣ ጎረጎርኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ገፋሁ፣ ሳብኩ። ዕጣው ከወጣ ዓመታት ያለፉት ሎተሪ ወጣ፤ የአባቴ መነጽር ማኅደር ወጣ፤ በመጨረሻ ከጥግ ሦስት የብር ሳንቲም ተገኘ። ልጆቹ ሦስት ብር ለአምስት እንዴት እንደሚካፈል እየተጨቃጨቁ ሄዱ። ምርቃታቸውን በደንብ አልሰማሁትም፤ ምርቃት ስለመሆኑም እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው በጉልበት ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አልነሳም አለ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ለመነሳት የሚፈልግ ሞተር ቢያንስ ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ይንገዳገዳል። የኔ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ ከቤንዚን ሽታ በቀር መልስ የለውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ለመሰብሰብ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ጥሩንባ መንፋት አያስፈልግም። ኮፋኖ ማንሳት ይበቃል። ዕድር በወር አንዴ በቅጣት እያስፈራራ የሚሰበስበውን ሕዝብ አንዲት የቆመች መኪና በአምስት ደቂቃ ትሰበስበዋለች። የመጀመሪያው ሰው የደረሰው እኔ ከመቀመጫዬ ሳልወርድ ነው። በቀጥታ ወደ ፊት ሄዶ ኮፋኖውን አነሳና ክው አለ።

"ሞተሩን ወስደውታል!"

ያየው ትርፍ ጎማና የቤንዚን ታንክ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን ካስረዳነው በኋላ፣ ያሳፈረውን ለማካካስ ይመስለኛል፣ "እንግዲያው ውሃ ጨርሳ ይሆናል፤ ራዲያተሩን እዩት" አለ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ይህንንም ስንነግረው ቅር ብሎት ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ግን አልሄደም። መኪናዋ በቆመችባቸው ሦስት ቀናት ውስጥ ቅር ያላለው ሰው ጥቂት ነው፤ የሄደ ሰው ግን አላየሁም።

ሊቀመንበርነቱን ማንም ሳይመርጣቸው የያዙት ጡረተኛው ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ ሰላሳ ዓመት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል። አሰብ ድረስ ተመላልሰዋል፤ ጣርማ በርን በጭጋግ ወጥተው ወርደዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሞተሩን አንዴ ጎንበስ ብለው አዩና "እሳት ነው ያጣችው" አሉ። ልክ ነበሩ። ካንዴላው ተነቅሎ ከሽቦው ጋር ሞተሩ ብረት ላይ ሲጋደምና ሞተሪኖው ሲያዞር ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት ነበረበት፤ የለም። እስካሁን ድረስ ትንፍሽ ያላልነው ነገር ግን ኤንትሬ የናፍጣ መኪና መሆኑን ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ ጨምቆ በራሱ ግለት ያቀጣጥላል እንጂ ካንዴላ የሚባል ነገር አያውቅም። ጋሼ ሰላሳ ዓመት ሙሉ እሳት የማትጠይቅ መኪና ነድተው፣ በጡረታቸው የእሳት ጉዳይ ሊቀመንበር ሆኑ ማለት ነው። አገሩ የለመደው አሿሿም ስለሆነ ማንም አልተገረመም።

ከዚያ ሐሳብ ይፈስ ጀመር። ሁሉም የሚሰጠው ምርመራ ከራሱ ሙያ ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ማዕዘኑ ላይ ባትሪ የሚሸጠው ልጅ ችግሩ ባትሪ ነው አለ። ሞተሪኖው እንደዚያ እያዞረ፣ የፊት መብራቱ ግድግዳውን እያበራ፣ ጥሩንባው ሕፃን እያስለቀሰ፣ ባትሪ ነው። የጎሚስታው ልጅ እንኳ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አድርጎ "አየሩም አንሷል" ሲል ለመዝገብ አስያዘ። ጎረቤታችን እትዬ የሰው ዓይን እንደሆነ አልተጠራጠሩም፤ ጸበል ይዘው መጡና ሞተሩ ላይ ሊረጩ ሲሉ በስንት ልመና ወደ መሪው አዞርናቸው። እርጥበት የእሳት ጠላት ነው፤ ጸበልም ቢሆን ዲስትሪቢውተር ውስጥ ከገባ ውሃ ነው።

አንድ ጎረቤታችን ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪናው ድምጽ ሳያሰማ ደርሶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና "ይቺን አትጥላትም እንዴ?" አለኝ። አይጣልማ! እዚህ አገር መኪና እንደ ሰው አያረጅም፤ ባረጀ ቁጥር የሚወደድ ነገር ቢኖር መሬትና መኪና ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና አይገባም አለ። እንግዲህ አገር ውስጥ የተገኘችው ቤንዚን ጠጪ ሁሉ ቅርስ ሆና ቀረች። እሱም ቢሆን ባለፈው ሳምንት ሰፈሩ ሁለት ቀን መብራት ሲጠፋ መኪናውን ሸፍኖ በታክሲ ሲመላለስ አይቼዋለሁ። እሳት ያጣሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ የሱ ላይ ሰው አልተሰበሰበም እንጂ።

ባትሪ ሻጩ መኪናዬን "ቆርቆሮ" ሲላት ግን አልታገስኩም። የ71 ሞዴል ናት፤ በፈረንጅ። ለአባቴ ሁለተኛ ሚስቱ ነበረች፤ እናቴ ራሷ ናት እንዲህ የምትላት። ደግሞስ ቮልስ ይናቃል? መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው ሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ ቮልስ ነው። የዚያች መኪና እሳት የዚያን ጠዋት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ወታደሮቹም እንደኛ ከበው ቆመው ካንዴላ ሲፈቱ በዋሉ ነበር። ሰው አይቸግራቸውም፤ ደርግ ማለት ኮሚቴ ማለት አይደል?

የሚኒባሱ ረዳት ክርክሩ አታከተውና "ትገፋ!" አለ። ተገፋች። ሰባት ሰው፣ እርጥብ ኮብልስቶን፣ ሁለተኛ ማርሽ። እስከ ሱቁ ድረስ ወረድን፣ ከሱቁ እስከ ቤቴ ድረስ ወጣን። ገፍቶ ማስነሳት የሚረዳው ሞተሪኖ ለደከመበት ነው፤ እሳት የሌለውን ሞተር መግፋት ክብሪት ያልተጫረበትን ከሰል ማራገብ ነው። ትርፉ ሳይቃጠል የገባው ቤንዚን ካንዴላዎቹን ማራሱ ብቻ ነው። ይህን የምላችሁ ያን ቀን አውቄው እንዳይመስላችሁ፤ ከገፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ወደ ላይ ስንወጣ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ልጄ፣ አባትህ እኮ እዚያ ውስጥ…" ስትል ሰምቻት ነበር። "እማዬ፣ ይሄ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው" ብዬ አቋረጥኳት። እንዝርቷን አሾረች።

ስለዚህ እሳት ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልበል። ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት ነው። 12 ቮልት የካንዴላዋን ጫፍ ክፍተት፣ የ0.7 ሚሊ ሜትሯን ገደል፣ መዝለል አይችልም። ስለዚህ በቁልፉ በኩል አልፎ መጀመሪያ ኮይል ውስጥ ይገባል። ቦቢና የሚሉትም አሉ፤ ጣሊያን ሲሄድ ቃሉን ጋራዥ ውስጥ ረስቶት ነው። ኮይሉ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ ወፈር ያለና አጭር፣ ሌላው እንደ ጸጉር የቀጠነና እጅግ ረጅም። በወፍራሙ ከረንት ሲያልፍ ማግኔት ይፈጠራል። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ደግሞ ፑንቲና የምትባል ትንሽ በር አለች፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ወለል ብላ ስትከፈት እንኳ ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ድንገት ስትከፈት ከረንቱ ይቆረጣል፣ ማግኔቱ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም በቀጭኑ ሽቦ ላይ እስከ 20 ሺህ ቮልት ይወረውራል። እሳቱ የሚወለደው ሲገናኙ ሳይሆን ሲለያዩ ነው፤ አንዳንድ ባልና ሚስት እንደዚህ ናቸው። ኮንዴንሰሩ እዚያው አጠገብ ሆኖ በሯ ስትከፈት ጫፎቿ እንዳይቃጠሉ ግርፊያውን ይቀበልላታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይፈጸማል። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ዘዴውን ያወጣው ከመቶ ዓመት በፊት ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒክስ እስኪተካው ድረስ አብዛኛው የዓለም የቤንዚን መኪና በዚህች ትንሽ በር ሲያድር ኖሯል።

እንግዲህ ነገሩ የቧንቧ ውሃ ማለት ነው። ቤትህ ውሃ ቢጠፋ መጀመሪያ የምታየው ቆጣሪውን ነው፤ ከቆጣሪው ወደ ግቢው ቧንቧ፣ ከግቢው ወደ ወጥ ቤቱ ትሄዳለህ። ድስቱን አትቀይርም። እኛ ከድስቱ ጀመርን።

አራቱም ካንዴላ ተፈታ። ጥቁር ነው። "ያውላችሁ!" አለ ሕዝቡ፤ ወንጀለኛ የተያዘ ይመስል ካንዴላው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። የከተማው ቮልስ ስንቱ ጥቁር ካንዴላውን ይዞ እንጦጦን ይወጣል! ግን ይህን የሚል ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰማው አልነበረም። ረዳቱ በበኩሉ የካንዴላውን ሽቦ ጫፍ በጣቱ ይዞ "አስነሱት" አለ። ሞተሪኖው ዞረ። "ምንም የለም" አለን፤ ከረንት መያዝ መቻሉን እያደነቅን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የኮሚቴው የመለኪያ መሣሪያ እሱ ሆነ።

ማታ ችቦው ተለኮሰ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እሳት ይዞ ይዞራል። ለካንዴላ ብቻ ጠፋ።

በማግስቱ ቡሄ ነው። ጅራፉ ይጮሃል፣ ሙልሙሉ ይታደላል፣ እኛም ሱማሌ ተራ ወረድን። እቃ ሳይመረምሩ ተበላሽቷል ብሎ መግዛት ምን ያህል እንደሚያስደስት ያልቀመሰው አያውቅም። መመርመር ያደክማል፣ ያጠራጥራል፣ ሰውን ዝም ያሰኛል። መግዛት ግን ሥራ የተሠራ ያስመስላል። ካንዴላ ገዛን። ፑንቲና ገዛን። ኮንዴንሰር ገዛን። ኮይልም "እዚህ ከመጣን አይቀር" ተብሎ ተገዛ። ሻጩ ሁሉም ኦሪጅናል መሆናቸውን ማለ። እንዲያውም ሦስት ዓይነት ኦሪጅናል እንዳለው ነገረን፤ ዋጋቸው ይለያያል። የኮንዴንሰሩ ካርቶን ላይ "ጀርመን" የሚል ተጽፏል፤ አንድ ፊደል ጎድሎታል እንጂ። ሂሳቡ ስድስት ሺህ ብር አለፈ። የመቶ ብሯን ኖት ያስታወሳት የለም፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተቀየረ። የኮይሉን ሽቦ አንዱ ፈታ፣ ሌላው አሰረ። አራቱን የካንዴላ ሽቦ ከዲስትሪቢውተሩ ክዳን ነቅሎ ያጸዳው ባትሪ ሻጩ ነው፤ መልሶ የሰካቸው ደግሞ ራዲያተር ፈላጊው። በተራ ሰካቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ልጅ ሲቆጥር እንደሚያደርገው። አዞርን። ረዳቱ ሽቦውን ይዞ "ምንም የለም" አለ።

በዚህ መሀል የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ በቪዲዮ ደወለ። ሌሊት ሥራ ወጥቶ ነው፤ ፊቱ ግማሹ ብቻ ይታያል። ስልኩን ወደ ሞተሩ አዞርንለት።

"በመጀመሪያ ኮዷን አንብቡ" አለ።

ጋሼ ዞረው ታርጋውን አዩ። "ኮድ 2 ናት።"

"አይደለም፣ ጋሼ፤ የኮምፒውተሯን ኮድ! ከመሪው ሥር መሰኪያ አለ፣ እዚያ መሣሪያ ይሰካል፣ ሁሉን ነገር ይነግራችኋል።" አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ወዲህ ያለ የቤት መኪና ሁሉ ያ መሰኪያ እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል። የኔዋ ከሕጉ በ25 ዓመት ትቀድማለች። ረዳቱ ግን ታዛዥ ነው፤ ከመሪው ሥር ተኝቶ ግማሽ ሰዓት ፈለገ። አንድ የጸጉር ማስያዣ አግኝቶ ወጣ። የጸጉር ማስያዣው የማን እንደሆነ ሚስቴ እስካሁን ትጠይቀኛለች፤ ያም በራሱ ሌላ ምርመራ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተራቹ አንዲት ቮልስ ለሃምሳ ሰው ምን እንደሆነች አላየም።

በሦስተኛው ቀን ዘበኛችን ሹክ አለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ቤት ነው የሚውሉት። ሄጄ ለመንኳቸው። ቅዳሴ እስኪወጣ አስጠበቁኝና የወተት ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ቁራጭ ሽቦና ሁለት ሽቦ የተበየደበት የመኪና የኋላ አምፖል ነው። ኮሚቴው ይህን አይቶ ተያየ። ባትሪ ሻጩ "ይሄ ነው?" አለ።

ሽማግሌው የተፈታታውን፣ መሬት ላይ ያለውን ካርቶን፣ በቅባት የጠቆረውን ሕዝብ አዩና፣

"ምን ነካችሁ?" አሉ።

ጋሼ ተቆጡ። "ምን ይነካናል? ልንረዳው ነው እንጂ! ደግሞ እርስዎ አሁን መጥተው…"

"አይ፣ አይቆጡ፤ መኪናዋ ላይ ምን ምን ነካችሁ ማለቴ ነው።"

ይህማ ሌላ ነው። ሁሉም እኩል ይናገር ጀመር። ሽማግሌው ዘርዝረን እስክንጨርስ አንገታቸውን ሰብረው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ከመቆሟ በፊትስ፣ ልጄ? አንተ ምን ነካህ?" አሉኝ።

"እኔ? ምንም። ምንም አልነካሁም" አልኩ። እማል ነበር፤ ፍልሰታ ባይሆን።

"በሉ አንድ ጊዜ ዝም በሉልኝ።" ቁልፉን አስከፈቱኝ፤ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ቁልፉን ብቻ። ጆሯቸውን ወደ ካርቡሬተሩ አስጠግተው አደመጡ። "ጠቅ አላለችም" አሉ። በ71 ሞዴል ቮልስ ካርቡሬተር ላይ በከረንት የምትሠራ ትንሽ የቤንዚን መዝጊያ አለች፤ ከረንቷን የምታገኘው ከዚያው ከኮይሉ ጫፍ ስለሆነ ቁልፍ ሲከፈት ጠቅ ትላለች። ጠቅ ካላለች ኮይሉ ጋ የደረሰ ከረንት የለም። ስምንት ዓመት በየማለዳው ያቺን ጠቅታ ሰምቼ ኖሬያለሁ። ሦስት ቀን ስትጠፋ አላወቅሁም፤ እንዴትስ ልወቅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ደቂቃ ዝም ያለ ሰው አልነበረም።

አምፖሉን አወጡ። አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ፣ ሌላውን ኮይሉ ላይ 15 የሚል ቁጥር ካለበት ጫፍ። ጀርመኖች ቁጥሩን ያተሙት ለዚህ ነው፤ 15 ከቁልፉ የሚመጣበት፣ 1 ወደ ፑንቲናው የሚሄድበት። አምፖሉ ጨለማ ነው። ከባትሪው ላይ በቀጥታ ሲሞክሩት በራ። በቃ፤ ይኸው ነው ምርመራው። ከመጡ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስድስት ሺህ ብሬን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩ።

"ከቁልፉ እስከዚህ መሀል የሆነ ቦታ ተቋርጧል" አሉ። "ስውር ማጥፊያ አስገብተህባታል እንዴ? ለሌባ ብለህ?"

"በጭራሽ።"

ከበረንዳው ድምጽ መጣ። "እሱ ምኑን ያውቃል? አባቱ ነዋ ያስገባባት።"

ሰው ሁሉ ዞረ። እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም። አባቴ ሰው የማያምን ሰው ነበር፤ የስኳር ጣሳውን እንኳ ይቆልፍ ነበር። በሰፈሩ መኪና የተሰረቀ ጊዜ የኮይሉን ሽቦ በዳሽቦርዱ ሣጥን ኋላ አሳልፎ፣ እዚያች ካርቶን መሰል ግድግዳ ላይ አውራ ጣት የምታህል ማጥፊያ አስገጠመ። የነገረው ለእሷ ብቻ ነው።

"እማዬ! ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ስንሰበሰብ ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ? ቡና ነው የጠየቃችሁኝ።"

ክንዴን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ሳንቲሞቹ ከነበሩበት ጥግ በላይ ጣቴ አንዲት ጉብታ አገኘች። ገፋኋት። ከኋላ ጠቅ አለ። ያን ድምጽ ሰምቼ ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ የሆያ ሆዬ ልጆች ግን አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩ ስለነበር አንዱ "እሱ ራሱ ያን ቀን ሳንቲም ሲፈልግ ነው!" ብሎ ለሕዝቡ አስረዳ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቁልፉን አዞርኩ፤ አልነሳችም። የመጀመሪያው በሽታ ተገኝቷል፤ ሕክምናው ያመጣው ገና አልተነካም። ሽማግሌው አምፖላቸውን ወደ ኮይሉ 1 ቁጥር አዛወሩ። ሞተሪኖው ሲያዞር ፑንቲናዋ ስትከፈትና ስትዘጋ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ነበረበት፤ ጨልሞ ቀረ። ከረንቱ ፑንቲናዋን ሳይጠብቅ በሌላ በኩል ወደ ብረቱ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። አዲሱን ኮንዴንሰር ሽቦውን ነቀሉት፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ፊደል የጎደለው ጀርመን ነው ለካ፤ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ውስጥ ለውስጥ የተነካካ። አሮጌው ኮንዴንሰር የት አለ ተባለ። ተጥሏል። አንዱ የአጥር ልጅ ከኪሱ አወጣው፤ ጅራፉ ጫፍ ላይ ሊያስረው ነበር። አስር ብር ጠየቀ። መቶ ብሯን ሰጠሁት።

አሮጌው ኮንዴንሰር ቦታው ገባ። ረዳቱ እንደ ልማዱ የካንዴላውን ሽቦ በጣቱ ይዞ "አስነሱት" አለ። ማንም አላስጠነቀቀውም፤ እውነቱን ለመናገር ጊዜ አልነበረም። ጩኸቱ ሱቁ ድረስ ተሰምቷል። ሲነሳ ቁምጣው ጭቃ ነው፣ ጸጉሩ ቆሟል። "አላት!" አለ ግን፤ መቼም ሙያውን አክብሮ ነው የወደቀው።

ሽቦውን መልሰን ሰክተን አዞርን። ቷ! ጅራፍ ሰነጠቀ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ደግሜ ሳዞር ሁለተኛው ጅራፍ በጭስ ማውጫው በኩል ወጣ፤ እትዬ አማተቡ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ውጠው የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ተመለከቱና "በቁጥር ተራ የሰካው ማነው?" አሉ። ራዲያተር ፈላጊው ሌላ ሰው ፍለጋ ወደ ኋላው ዞረ። ቮልስ በተራ አትተኩስም፤ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው ተራዋ። ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋወጡ። አዞርኩ፤ ተነሳች፤ ያን የቆርቆሮ ሳቋን ሳቀች።

"አላልኳችሁም፣ እሳት ነው!" አሉ ጋሼ።

"ባትሪው ግን ደክሟል" አለ ባትሪ ሻጩ።

እትዬ ምንም አላሉም፤ መሪውን ብቻ ዳበስ አደረጉት፤ ጸበሉ የተረጨበትን። ከቨርጂኒያ የድምጽ መልእክት ገባ፦ "ሴንሰር ነው አይደል?" ራዲያተር ፈላጊው ራሱ ውሃ በጆግ ይዞ መጥቶ "ለማንኛውም" እያለ የሚያፈስበት ቀዳዳ ይፈልጋል።

ሽማግሌውን ሂሳባቸውን ጠየቅኋቸው። "ሦስት መቶ" አሉ፤ አፍረው። ሁለት የሁለት መቶ ብር ኖት ሰጠኋቸው፤ እምቢ አሉ፤ መልስ ካልተቀበልክ አሉ። እሳቸው መልስ የላቸውም፣ እኔም ዝርዝር የለኝም። "ቆዩ፣ እዚህ ሳንቲም አይጠፋም" ብዬ በመስኮቱ አጎንብሼ ክንዴን ወደ ዳሽቦርዱ ሣጥን ስሰድ፣ ከኋላዬ ኮሚቴው በሙሉ፣ ጋሼና ባትሪ ሻጩ፣ ረዳቱና እትዬ፣ የአጥሩ ልጆችና እናቴ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምጽ ጮኹ፦

"እንዳትነካ!"